ድምፃዊው ሲለቅ፦ ማሪሊዮን ያደረገውና እኛ ሳናደርግ የቀረነው

ውድ ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለስድስት ዓመት አብሯችሁ የዘፈነው ድምፃዊ ጥሏችሁ መሄዱን፣ ሦስት የመድረክ ዝግጅቶች ከወዲሁ እንደተያዙላችሁ፣ ድምፁ ከቀድሞው ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ወጣትም ማግኘታችሁን ገልጸው፣ «ልጁን እንቅጠረው ወይስ እንደ ማሪሊዮን ፈጽሞ የተለየ ሰው እንፈልግ? እነሱስ እንዴት ሊሳካላቸው ቻለ?» ብለዋል። ማሪሊዮን በ1988 ዝነኛ ድምፃዊው ፊሽ ለቆት፣ በሌላ ድምፃዊ የቀጠለ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ነው። እኔ በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ውስጥ ከአራት እንግሊዛውያን ጓደኞቼ ጋር ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ቅንብር ያለው የሮክ ዓይነት) በሚጫወት ባንድ ኪቦርድ ስጫወት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይኸው የእናንተ ፈተና በ2011 በእኛም ላይ ደርሷል፤ መጀመሪያ የመረጥነው መንገድ አሁን እናንተ ልትመርጡት ያሰባችሁት ስለሆነ ዋጋውን በሚገባ አውቀዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፣ ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ልጁን አትቅጠሩት። ስለ ማሪሊዮን በተነሳ ቁጥር «ዕድል ቀንቷቸው ነው» ሲባል እሰማለሁ፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በ1988 የነበሩበትን ሁኔታ አስቡት። ፊሽ በሚል ስም የሚታወቀው ግዙፉ ስኮትላንዳዊ የግጥሞቻቸው ደራሲ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፊቱን ተቀብቶ መድረክ ላይ የሚተውን፣ በአድማጩ ዓይን የባንዱ መልክ የነበረ ሰው ነው። በ1985 ያወጡት ሦስተኛው የስቱዲዮ አልበማቸው በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ 1ኛ፣ «ኬይሊ» የተሰኘው ዘፈናቸው ደግሞ 2ኛ ደርሶ ነበር። ፊሽ በስኬታቸው ማግስት ሲለያቸው ጊታሪስቱ ስቲቭ ሮዘሪ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ማርክ ኬሊ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ፒት ትሬዋቫስና ድራመሩ ኢያን ሞዝሊ ያለ ድምፃዊና ያለ ገጣሚ ቀሩ። የፊሽን ድምፅ የሚያስመስል ሰው መፈለግ ለእነሱም ቀላሉ መንገድ ነበር።

እነሱ ግን የወሰዱት ስቲቭ ሆጋርትን ነው። ሆጋርት ቀደም ሲል «ዘ ዩሮፒያንስ» እና «ሃው ዊ ሊቭ» በተባሉ ባንዶች የሠራ፣ ራሱም ኪቦርድ የሚጫወት፣ ድምፁ ስስና ስሜት የሚነካ፣ ከፊሽ ጋር የሚያገናኘው አንድም ነገር የሌለው ሰው ነበር። ከእነሱ ጋር ለመሥራት ሲመጣ ካሴቶቹን በቀይ የፕላስቲክ ባልዲ ይዞ ነው የመጣው፤ በዚያ ባልዲ ውስጥ የራሱ የዘፈን ሐሳቦች ነበሩበት። «ኢስተር» የተሰኘው፣ እስከ ዛሬ ድረስ አድማጭ አብሮ የሚዘምረው ዘፈን ይዞት ከመጣው አንዱ ነው። እኔ የዚህን ባንድ ታሪክ ሳስብ ከሁሉ በፊት የሚታየኝ ያ ባልዲ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ለአዲሱ ድምፃዊያችን «ምን ይዘህ መጣህ?» ብለን አልጠየቅነውም። «የድሮዎቹን ስምንት ዘፈኖች ታውቃቸዋለህ ወይ?» ብለን ብቻ ነበር የጠየቅነው። አዎን አለ፤ ቀጠርነው።

ሁለተኛ፣ የተፈራረማችሁትን ውል ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኛን የጎዳን ይህ ነው፤ የእናንተም ውል ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። አራት ዝግጅቶችን በአንድ አገናኝ ድርጅት በኩል ተዋውለን ነበር፤ በውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ የባንዱ አባላት ስም ተዘርዝሮ «ከእነዚህ መካከል አንዱ ሲለወጥ ድርጅቱ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይነገረው» የሚል አንቀጽ ነበረበት። ማናችንም ልብ አላልነውም። ስልክ ደውለን ነግረን ስለነበር በቂ መስሎን ተቀመጥን። ሦስተኛው ዝግጅት ሲቀር ያስያዝነውን 1,400 ፓውንድ ለማስመለስ ከጊታሪስታችን ጋር ወደ ቢሯቸው ሄድን። ሁለት ሰዓት ያህል በመተላለፊያው ላይ ቆመን ከጠበቅን በኋላ አንዲት ሠራተኛ ጠራችን፤ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳታነሳ «የድሮው ዘፋኝ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?» ብላ ጠየቀችን። አይመለስም አልናት። «እንግዲያው እኔ የተዋዋልኩት ከሌላ ባንድ ጋር ነው» ብላ ፋይሉን ዘጋችው። ጊታሪስታችን ያን ባንድ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የመሠረተ ሰው ነው፤ ወደ መኪናችን ስንመለስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ገንዘቡ አልተመለሰልንም፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ አነጋገር ነው።

በዚሁ ላይ የግጥሙንና የዜማውን ጉዳይ አብራችሁ ጨርሱ። ማሪሊዮኖች ከፊሽ ጋር ሲለያዩ አብረው የጀመሯቸው ሥራዎች በእጃቸው ነበሩ፤ ሙዚቃው ለባንዱ ቀረ፣ ግጥሙን ፊሽ ይዞ ሄደ። ከዚያ ሙዚቃ አብዛኛው በ1989 በወጣው «ሲዝንስ ኤንድ» ላይ በሆጋርት ዜማና በአዲስ ግጥም ተሠራ፤ ለግጥሙ ጆን ሄልመር የተባለ ጸሐፊም አግዟቸዋል። የፊሽ ግጥሞች ደግሞ በከፊል በራሱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ወጡ። «ሲዝንስ ኤንድ» በእንግሊዝ ሠንጠረዥ 7ኛ ደረሰ። እኛ ስለዚህ ጉዳይ ከቀድሞው ድምፃዊያችን ጋር አንዲት ወረቀት እንኳ ሳንፈራረም ስለተለያየን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአንዱን ዘፈን ግጥም እንዳንጠቀም የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ደረሰን፤ ዘፈኑን ትተነዋል። ስለዚህ ማን ምን እንደጻፈ አሁን፣ ገና ሳትቀያየሙ፣ በጽሑፍ አስፍሩት።

ሦስተኛ የምለው ስለ ኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ ስለሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ ነው፤ እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቀጠርነው ልጅ ትሑት፣ ታታሪ፣ በልምምድ ሰዓት ከሁላችን ቀድሞ የሚገኝ ነበር። በመጀመሪያው ዝግጅት ላይ ግጥሞቹን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ወለሉ ላይ በፕላስተር ለጥፏቸዋል። ዘፈኖቹን በቀድሞው ሰው ኪይ እንደነበሩ ትተናቸው ነበር፤ ዝቅ ብናደርጋቸው የሕዝቡ ጆሮ ይለየዋል ብለን ፈራን። ከኪቦርዴ ኋላ ሆኜ አየዋለሁ፤ ከፍ ያለው ቦታ ሲቃረብ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ከዚያም ማይክራፎኑን ከአፉ ያርቃል። በአራተኛው ዘፈን ድምፁ ተሰነጠቀ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት የድሮ ደጋፊዎቻችን ዝም አሉ፤ ጩኸት ቢሆን ይሻል ነበር። ልጁ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ጉሮሮውን ታሞ ለቀቀ። ያጠፋነው እኛ ነን፤ እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ይህ በታላላቆቹም ላይ ደርሷል። በ1980 ድምፃዊው ጆን አንደርሰን «የስ» ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ ሲለቅ፣ «ዘ ባግልስ» ከተባለው ባንድ የመጣው ትሬቨር ሆርን በቦታው ገባ። አልበማቸው በእንግሊዝ 2ኛ ደረሰ፤ በመድረክ ላይ ግን ሆርን እጅግ ከፍ ያለውን የአንደርሰንን ድምፅ ለመድረስ ሲታገል ድምፁ ተጎዳ፣ በገዛ አገሩ አንዳንድ ተመልካች አጉረመረመበት፣ በ1981 ባንዱ ተበተነ። ሆርን ግን ችሎታ አልጎደለውም፤ አንደርሰን በተመለሰበት በ1983ቱ አልበም አዘጋጅ ሆኖ በአሜሪካ 1ኛ የወጣውን ዘፈናቸውን የሠራው ራሱ ነው። ሰውየው ያለ ቦታው ገብቶ ነበር እንጂ የሙዚቃ ሰው መሆኑስ አያጠራጥርም።

ጀነሲስ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድም ብትጠቅሱልኝ መልሴ ያው ነው። ድምፃዊው ፒተር ጋብሪኤል በ1975 ሲለቅ ብዙ ድምፃውያንን ፈትነው ነበር፤ በመጨረሻ የዘፈነው ግን ከበሮው ጀርባ ተቀምጦ የነበረው ፊል ኮሊንስ ሆነ። በ1976 የወጣው አልበም 3ኛ ደረሰ። ኮሊንስ የጋብሪኤልን ጭምብልና አልባሳት አልለበሰም፤ እንደ ራሱ ሆኖ ከሕዝቡ ጋር እያወራ ነበር የሚዘፍነው። ያው ባንድ ከሃያ ዓመት በኋላ ኮሊንስ ሲሄድ ሬይ ዊልሰንን ቀጠረ፤ የ1997ቱ አልበም በእንግሊዝ 2ኛ ቢደርስም በአሜሪካ ትኬት ስላልተሸጠ ጉዞው ተሰረዘ፣ ዊልሰንም ሁለተኛ አልበም ሳይሠራ ተሰናበተ። በእኔ አመለካከት በዊልሰን ላይ ግፍ ተፈጽሟል። አብዛኛው ሙዚቃ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አስገቡት፤ ከመሠረቱ አብሮ የሚጽፍበትን ቀጣዩን ሥራ ነፈጉት። ሆጋርትም የመጣው ሙዚቃው በከፊል ካለቀ በኋላ ነበር፤ እሱን ግን በ1991 ሁለተኛ፣ በ1994 ደግሞ «ብሬቭ» የተሰኘውን ሦስተኛ አልበም አሠሩት። እኔ ከባንዱ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ አንዲት የጠፋች ወጣት ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተረክበት ነው፤ ፊሽ ቢቆይ ኖሮ ሊጻፍ የሚችል አይመስለኝም።

ነጥቦቹን በቁጥር መዘርዘሩን እዚህ ላይ ልተወውና እኛ እንዴት እንደተነሳን ልጨርስ። በ2013 አንዲት የመዘምራን ቡድን አባል የነበረች ሴት ለሙከራ መጣች። ወንድ ድምፃዊ የለመደ ሕዝብ ምን ይላል ብለን አመነታን። የጠየቅናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንቺን አምጪ አልናት። ስለ ሟች አያቷ ቤት የጻፈችውን ያላለቀ ዜማ በፒያኖ ተጫወተችልን፤ ድራመራችን ሳይጠየቅ በእጁ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። አምስት ወር ሙሉ አንድም ዝግጅት ሳንይዝ ጻፍን። ከድሮዎቹ ዘፈኖች አራቱን ብቻ አስቀረን፤ ኪያቸውንም ለእሷ እንዲመች ቀየርነው። የመጀመሪያ ዝግጅታችንን ወደ ሠላሳ ሰው በሚይዝ መጠጥ ቤት አደረግን። ይህንንም የተማርነው ከማሪሊዮን ነው፤ በታላላቅ አዳራሾች ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች ከሆጋርት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በ1989 የተጫወቱት ስቶክ ሮው በምትባል የኦክስፎርድሺር መንደር መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። በ2015 ያሳተምነው 300 ሲዲ አንድም ሳይቀር አልቋል፤ ለሙከራ ስትመጣ የተጫወተችልን ያች ዜማ የሲዲው የመጀመሪያ ዘፈን ነች። በዚህ ሥራ እኮራለሁ።

አድማጭ ይቀንስብናል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ አዎን፣ ይቀንሳል፤ ለዚያ ተዘጋጁ። የማሪሊዮንም ሽያጭ በዘጠናዎቹ ዓመታት እየወረደ ሄዶ ከ1995 በኋላ ኢ.ኤም.አይ ከተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ጋር የነበራቸው ውል አበቃ። በ1997 ወደ ሰሜን አሜሪካ ለመጓዝ ገንዘብ ሲያጥራቸው ደጋፊዎቻቸው በኢንተርኔት ተጠራርተው 60,000 ዶላር ገደማ አዋጡላቸው። ለ2001ዱ አልበም ደግሞ ገና ሳይቀዳ ከ12,000 በላይ ሰዎች ዋጋውን አስቀድመው ከፈሉ። ያን ጊዜ ይህ አሠራር ዛሬ እንደምናውቀው የተለመደ አልነበረም። በ2004 አንድ ዘፈናቸው 7ኛ፣ በ2016 አልበማቸው 4ኛ፣ በ2022 ደግሞ 2ኛ ደረሰ። በ2017 ሆላንድ ፖርት ዜላንዴ ላይ በሚያዘጋጁት የሳምንት መጨረሻ በዓላቸው ተገኝቼ ነበር፤ አጠገቤ የቆመው ሽበታም ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዷን ቃል አብሮ ሲል አየሁት። ፊሽን ያውቀው እንደሆነ ስጠይቀው በ1984 እንዳየው፣ ግን አሁን የመጣው ለሆጋርት መሆኑን ነገረኝ።

ስለዚህ ለአሁኑ የምመክራችሁ ይህ ነው። ለሦስቱም ዝግጅት አዘጋጆች የድምፃዊውን መለወጥ በዚህ ሳምንት በደብዳቤ አሳውቁ፤ ከተቻለ ሁለቱን አስተላልፉና አነስተኛውን ብቻ አስቀሩ። ያገኛችሁትንም ወጣት ሳትሰሙት አታባርሩት፤ የቀድሞውን ዘፈን እንዳይዘፍን ነግራችሁ የራሱን ሥራ ይዞ እንዲመጣ ሁለት ሳምንት ስጡት። ይዞ ከመጣ ሰውየው እሱ ሊሆን ይችላል። እኛ ኋላ ላይ ለአዘጋጆች የላክነውን ደብዳቤ ስሞቹን ሰርዤ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ፤ የአባላቱን ዝርዝር የያዘውን አንቀጽ አስምሬበታለሁ።