ስለ ስፖርት መኪናዎ ዋስትና፣ በደብዳቤዎም ውስጥ ስላልተጻፈው ነገር

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ ግዛት የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነኝ። ከ14 ወራት በፊት ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አዲስ የስፖርት መኪና ገዛሁ። 10,000 ማይል ገደማ ሲሆን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀይር መምታት ጀመረ፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ማርሽ አልይዝ ይለኛል። ሁለት ጊዜ ዲለሩ ዘንድ ወስጄው «ችግሩን አላገኘነውም» ብለው መለሱልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ካስገባሁት ዛሬ 26 ቀን ሆነው። አሁን ደግሞ «ማርሚታው የፋብሪካው አይደለም፣ ዘይቱም እኛ ዘንድ አልተቀየረም፣ ስለዚህ ዋስትናው ተሰርዟል» ብለው በቃል ነገሩኝ። ማርሚታውን በ1,850 ዶላር ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ዘይቱን የሚቀይርልኝ የአክስቴ ልጅ ጋራዥ ነው። ካምቢዮው ተከፍቶ እንዲታይ በራሴ ወጪ ልፈርም? በነገራችን ላይ፣ የመኪናው ኮምፒውተር ከዚህ በፊት የተደረገ ነገር ያስታውሳል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከደብዳቤዎ መጨረሻ እጀምራለሁ። ስለ ማርሚታውና ስለ ዘይቱ የጻፉት በሚገባ የተብራራ ነው፤ የወጣው ገንዘብ እንኳ አልቀረም። «በነገራችን ላይ» ብለው ያስከተሏት አንዲት መስመር ግን ከሁሉም በላይ አሳሰበችኝ። ማርሚታ ብቻ የቀየረ ሰው ኮምፒውተሩ ምን ያስታውሳል ብሎ አይጨነቅም። ስለዚህ የሞተሩ ወይም የካምቢዮው ፕሮግራም ተነክቷል፣ ማለትም መኪናው ቱን ተደርጓል ብዬ ገምቼ እመልስልዎታለሁ። ግምቴ ስህተት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምክሩም አይጎዳዎትም። ትክክል ከሆነ ግን፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሳያነቡ ወደ ዲለሩ እንዳይደውሉ እለምንዎታለሁ።

አስቀድሜ የጠየቁኝን ላጠናቅቅ። በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የፌዴራል ዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፣ «የእኔን ዕቃ ካልተጠቀምክ፣ እኔ ወደምልህ ጋራዥ ካልሄድክ ዋስትና የለህም» እንዳይል ይከለክለዋል። ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሕግ አይደለም፤ ኮሚሽኑ በ2022 የሞተር ሳይክል አምራቹን ሃርሊ-ዴቪድሰንን ጨምሮ ሦስት ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ቃል ከዋስትናቸው እንዲያወጡ አስገድዷል። ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ የቀየረው ዘይት ብቻውን ዋስትናዎን አያፈርስም፤ ነገር ግን የዘይቱ ዓይነት አምራቹ ያዘዘው መሆኑን፣ ቀኑንና ማይሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ዘመድ ለዘመዱ ደረሰኝ እንደማይቆርጥ አውቃለሁ፤ እንግዲያውስ ዘይቱና ፊልትሮው የተገዛበትን የመደብር ደረሰኝ ወይም የባንክ ካርድዎን መግለጫ ዛሬውኑ ይፈልጉ። የማርሚታውም ነገር ከዚህ አይለይም፤ የተቀየረው ዕቃ ብልሽቱን ማምጣቱን ማስረዳት ያለበት አምራቹ ነው፤ የኋላ ማርሚታ ደግሞ የካምቢዮ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚሰብር ማስረዳት ይከብደዋል። ከማርሚታው ጋር የጭስ ማጣሪያው ጭምር ተነቅሎ ከሆነ ግን ከዋስትናው የተለየ፣ የፌዴራሉን የንጹሕ አየር ሕግ የሚመለከት ጉዳይ ስለሚሆን፣ ያንን ለጠበቃ በአካል ያማክሩ።

«ዋስትናው ተሰርዟል» የሚለውንም እንዳለ አይቀበሉት። ዋስትና የሚሰጠው አምራቹ እንጂ ዲለሩ አይደለም። ለአንድ ብልሽት የቀረበ ጥያቄ ውድቅ ሊደረግ ይችላል፤ ይህ ግን የመኪናው መስኮት ማንሻ፣ መሪና ፍሬን ሁሉ ዋስትና አጡ ማለት አይደለም። የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ብዙ ጊዜ ከሌላው አካል ይረዝማል፤ ለምሳሌ ኮርቬት የተባለው የሸቭሮሌ የስፖርት መኪና አጠቃላዩ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ሲሆን፣ የሞተርና የካምቢዮው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። የእርስዎን መኪና የዋስትና መጽሐፍ አውጥተው፣ የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩበትን ክፍል በእርሳስ እያሰመሩ ያንብቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ መኪና ቱን ማስደረግ አይደለም። ቱን የተደረገውን መኪና ዲለሩ ዘንድ ከመቅረቡ በፊት በጓደኛ ላፕቶፕ «ወደ ስቶክ»፣ ማለትም ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም መልሶ፣ ከዚያ «ምንም አልነካሁም» ብሎ መፈረም ነው።

ከዓመታት በፊት የያዝኩትን አንድ ጉዳይ፣ የባለጉዳዩ ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬ ልንገርዎት። ሰውየው ሞተሩ በሙቀት ተቃጥሎበት ዋስትና ተከልክሎ መጣ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ምንም እንዳልነካ ደጋግሞ ነገረኝ። በቃለ መሐላ ምስክርነቱ በሚሰማበት ቀን የአምራቹ ጠበቃ ሁለት ወረቀቶችን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው «ደንበኛው በመኪናው ላይ ምንም ለውጥ እንዳላደረገ ተናግሯል» የሚል፣ ከሥሩ የደንበኛዬ ፊርማ ያረፈበት የጥገና ትዕዛዝ ነው። ሁለተኛው ከሞተሩ መቆጣጠሪያ የተነበበ መዝገብ ሲሆን፣ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አራት ጊዜ ፕሮግራም እንደተጻፈበት፣ የመጨረሻውም ዲለሩ ዘንድ ሊደርስ 9 ማይል ሲቀረው መሆኑን ያሳያል። ከደንበኛዬ ቤት እስከ ዲለሩ ያለው መንገድ 9 ማይል ነበር። ጠበቃው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ደግሞ ሞተሩን ያቃጠለው ውሃ የሚያፈስ ፓምፕ መሆኑ ነው፤ ፕሮግራሙ ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረም። እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ጠንካራ ክርክር ነበረው፤ ያ ፊርማ ግን ጉዳዩን ከፓምፕነት ወደ ሐሰተኛነት አዞረው፤ ክሱንም አነሳን።

እንግዲህ ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስ፦ አዎን፣ ያስታውሳል። ብዙ ዘመናዊ የስፖርት መኪኖች የሞተሩ ፕሮግራም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቆጥራሉ። በውስጡ ያለው ፕሮግራም የፋብሪካው መሆን አለመሆኑን ዲለሩ የሚያረጋግጥበት የማመሳከሪያ ቁጥር አለ። ፖርሽ የሞተሩ ዙር ከልክ ያለፈባቸውን ጊዜያት በደረጃ ከፋፍሎ፣ ከተከሰቱበት የሞተር ሰዓት ጋር ይመዘግባል፤ ያገለገለ 911 የሚገዛ ጠንቃቃ ሰው ይህን ሪፖርት ሳያይ ገንዘቡን አያወጣም። መኪናው በሞባይል ኔትወርክ ከአምራቹ ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ መረጃው ከእርስዎ እጅ ወጥቶ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወደ ስቶክ መመለስ ራሱ አሻራ ይተዋል፤ ከዚያም በላይ ክርክር መነሳቱን ካወቁ በኋላ መረጃ ማጥፋት ፍርድ ቤት ማስረጃ እንደማጥፋት ሊቆጥረው ይችላል።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሕጉን ሚዛን ልብ ይበሉ። እውነቱ በግልጽ ተይዞ «ይህ ፕሮግራም ይህን ፍሪሲዮን ሰብሮታል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሸክሙ ያለው አምራቹ ትከሻ ላይ ነው። ውሸት የተፈረመ ዕለት ግን ማንም ስለ ፍሪሲዮኑ መጠየቁን ይተውና ስለ እርስዎ መጠየቅ ይጀምራል። ይህን ስል ቱን ማድረግ ምንም አይደለም ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ የሞተሩን ጉልበት የጨመረ ፕሮግራም ለፍሪሲዮን መቃጠል ምክንያት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ በዚያም ጊዜ በዚህ ብልሽት ላይ ልንሸነፍ እንችላለን። ግን በመረጃ የተሸነፈ ሰው የቀረውን ዋስትና ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ላፕቶፑ መኪናው አጠገብ አይድረስ። ቱን ያደረገውን ሰው ደረሰኝ፣ የተላላካችሁትን መልእክትና ዋናውን የፕሮግራም ፋይል ሳትሰርዙ አስቀምጡ። ዲለሩ ከጠየቀዎት «በዚህ ጉዳይ ጠበቃዬን ካማከርኩ በኋላ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ማለት በቂ ነው፤ ዝም ማለት መዋሸት አይደለም። ዝርዝሩን ለእኔም እንኳ በዚህ ዓምድ አይጻፉልኝ፤ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር የሚጠበቀው ጠበቃ ይዘው በግል ሲነጋገሩ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። «ላንች ኮንትሮል» የሚባለው፣ መኪናውን ከቆመበት በሙሉ ጉልበት የሚያስፈተልከው መሣሪያ፣ ካምቢዮውን እጅግ ያሞቃል። ፋብሪካው ራሱ የሸጠልዎ ስለሆነ፣ በመመሪያው መሠረት መጠቀም በራሱ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም፤ ይሁንና ብዙ የዋስትና መጻሕፍት በውድድር የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም። ቶዮታ ጂአር86 የተባለውን የስፖርት መኪናውን ለሚገዙ የአንድ ዓመት የመኪና ስፖርት ማኅበር አባልነት ከመኪናው ጋር እንደሚሰጥ ያስታውሱ፤ ወደ መንዳት ትምህርት ሜዳ መሄድና መወዳደር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚከራከሩበት ቦታ ይኖራል። መኪናዎን ሜዳ ወስደውት ከሆነ ወይም ጎማ ሲያጨስ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ገጽዎ ላይ ካለ፣ ይህንንም ጠበቃዎ ከተቃራኒ ወገን ሳይሆን ከእርስዎ ይስማው።

ስለ ጊዜው ደግሞ ፈጽሞ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ሰዓቱን እያየሁ ነው። የቨርጂኒያ «ሌመን ሎው»፣ የማይጠገን አዲስ መኪና የገዛ ሰው መኪና እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚያስችለው ሕግ፣ መብቱን የሚያስጠብቀው መኪናውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ለ18 ወራት ነው። እርስዎ 14ቱን ጨርሰዋል። ያው ብልሽት ሦስት ጊዜ ለጥገና ቀርቦ ካልተፈታ፣ ወይም ለከባድ አደጋ የሚያጋልጥ ሆኖ አንድ ጊዜ ቀርቦ ካልተፈታ፣ ወይም መኪናው በጥገና ምክንያት በድምሩ 30 ቀናት ከአገልግሎት ከወጣ፣ ሕጉ በቂ የጥገና ሙከራ ተደርጓል ብሎ ለእርስዎ የሚያደላ ግምት ይወስዳል። መንገድ ላይ ማርሽ የሚያጣ መኪና የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ጠበቃዎ ይመርምረው። ሆኖም አምራቹ ስለ ብልሽቱ በጽሑፍ ካላወቀ፣ እስከ 15 ቀን የሚደርስ ተጨማሪ የመጠገን ዕድል ይሰጠዋል፤ ለዲለሩ ሠራተኛ በቃል መንገር ለአምራቹ እንደ መጻፍ አይቆጠርም። «ያልተፈቀደ ለውጥ ተደርጓል» የሚለው መከላከያ እዚህም ይነሳል፤ ከላይ የተናገርኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል። «ችግሩን አላገኘነውም» ያሏቸው ሁለቱ ጉብኝቶች የሚቆጠሩት ወረቀት ካላቸው ነው፤ ከእያንዳንዱ ቀን የጥገና ትዕዛዙን ቅጂ ይጠይቁ፣ የእርስዎ አቤቱታ በምን ቃል እንደተመዘገበም ይዩ። «መኪናው ይመታል» ብለው ነግረዋቸው «ዘይት ለመቀየር መጣ» ተብሎ ተጽፎ ካገኙት አይግረምዎ።

ሁለት ነገሮችንም አልነገሩኝም። መኪናው የተገዛው ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ውስጥ ነው ወይስ ቨርጂኒያ? የትስ ተመዘገበ? የሜሪላንዱ ሕግ ጊዜውም ሆነ የጥገናው ቁጥር ይለያል። መኪናውን ቱሮ በሚባለው የግል መኪና ማከራያ መተግበሪያ ለሰው ያከራዩታል? የቨርጂኒያው ሕግ የሚጠብቀው ጉልህ በሆነ መጠን ለግልና ለቤተሰብ የሚያገለግል መኪናን ነው።

ካምቢዮው በራስዎ ወጪ እንዲከፈት የቀረበልዎትን ቅጽ አሁን እንዳለ አይፈርሙት። መጀመሪያ ዋስትናው የተከለከለበትን ምክንያት፣ የትኛው ዕቃ የትኛውን ብልሽት እንዳመጣ የሚገልጽ ጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ክልከላ ነገ «እንዲህ አላልንም» ይባላል። ሁለተኛ፣ የቨርጂኒያ የጥገና ድርጅቶች ሕግ በጠየቁ ጊዜ የጽሑፍ ግምት እንዲሰጥዎት፣ ያለ ፈቃድዎም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ እንዳያስከፍሉዎት ያዛል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከጠየቁም ለአምራቹ ተመላሽ ከሚሆኑት በቀር የወጡት አሮጌ ዕቃዎች ይመለሱልዎታል። ካምቢዮው መከፈቱ ግድ ከሆነ፣ በእርስዎ በኩል የሚቀርብ ገለልተኛ ባለሙያ ባለበት እንዲከፈትና አንድም ብሎን እንዳይጣል በጽሑፍ ጠይቀው፣ «መብቴን ጠብቄ» ከሚል ቃል ጋር ይፈርሙ፤ ከተቻለም ቅጹን አስቀድሞ ጠበቃ ይየው። የጠበቃ ክፍያ ካስፈራዎት፣ የማግነሰን-ሞስ ሕግም ሆነ የቨርጂኒያው ሌመን ሎው ለረታ ሸማች የጠበቃ ወጪ እንዲተካ ይፈቅዳሉና ይህን ሲያማክሩ ያንሱት።

መኪናው ለምን እንደቆመ በየቀኑ ይመዝግቡ፤ ዕቃ እየተጠበቀ የቆመበት ቀንና የእርስዎ ፊርማ እየተጠበቀ የቆመበት ቀን በአንድ ዓይን ላይታዩ ይችላሉ። ለአምራቹ የሚላከውን ደብዳቤ፣ የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ የሦስቱን ጉብኝቶች ቀንና የብልሽቱን ምልክት ብቻ ይዞ፣ በዋስትና መጽሐፉ ላይ ባለው አድራሻ፣ የመድረሻ ፊርማ በሚመለስበት አደራ ፖስታ በዚህ ሳምንት ይላኩት፤ ከመላክዎ በፊት ግን ጠበቃዎ ያንብበው።