መልስ፦ ኮምቦልቻ የተከልኩት ሳር ለምን ቢጫ ሆነ?

እህቴ፣ ጠዋት ማታ እያጠጣሽው ሳሩ ቢጫ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ውኃው መብዛቱን ነው። በተለይ አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ውኃ ይይዛል፤ ሥሩ አየር ያጣል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ። ከውስጥ እርጥብ ከሆነ ለዛሬ ተይው። ስታጠጪ ደግሞ በጠዋት፣ ጠለቅ ብሎ እስኪርስ።

ግቢሽ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ያለው ሳር ቢመነምን አይግረምሽ፤ የተከልሽው ሰርዶ ሳር ጥላ አይወድም። እዚያ ድንጋይ ብታነጥፊበት ይሻላል። ደሴ ካለችው ጓደኛሽ ሳር ጋርም አታወዳድሪው፤ ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ብርዱም ሌላ ነው።

ስታጭጂ ከሥሩ አትላጪው፤ የቁመቱን ሲሶ ብቻ። ራሰ በራ የሆነውን ቦታ ለመሙላት ሐምሌን ጠብቂና ሥር ያለው ቁራጭ ቅበሪበት። ለነገሩ እኔ ብሆን ግማሹን ቆስጣ እዘራበት ነበር።