ፈቃድ የሚያወጣው ማን ነው? የሚሰጠውስ?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምኖርና በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። አሁን ወደ አማርኛ የምመልሰው ጽሑፍ በእንግሊዝ ሀገር የመጀመሪያዎቹ የከተማ ኤሌክትሪክ መስመሮች በምን ዓይነት የመንግሥት ፈቃድ እንደተዘረጉ የሚተርክ ነው። በረቂቄ ውስጥ «መንግሥት በ1882 ለአካባቢያዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት መስመሮች ፈቃድ ማውጣት ጀመረ፤ ፈቃዱም ያለ ከተማው ፈቃድ አይሰጥም ነበር» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ባልደረባዬ አንብበው «ፈቃድ የሚያወጣው ነጋዴ እንጂ መንግሥት አይደለም፤ ሁለተኛው ፈቃድም ግራ ያጋባል» አሉኝ። «ጊዜያዊ ትእዛዝ» ብዬ የተረጎምሁት ሌላ ሐረግም አለ፤ እርሱንም ተጠራጥሬዋለሁ። ከዚሁ ጋር «ፈቃድ» ልጻፍ ወይስ «ፍቃድ»? ቢያስረዱኝ ባለውለታዎ ነኝ።

መልስ፦ ባልደረባዎ ተገቢውን ነቅሰዋል። በአማርኛ አዋጅንና ደንብን የሚያወጣው መንግሥት ሲሆን ፈቃድን የሚያወጣው ግን ጠያቂው ነው። ባሕር ዳር ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው «ንግድ ፈቃድ አወጣሁ» ሲል መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ቅጽ ሞልቼ፣ ክፍያ ከፍዬ፣ ወረቀቱን ተቀበልሁ ማለቱ ነው፤ «መንጃ ፈቃድ አወጣች» ስንልም የምናስበው መንዳት የፈለገችውን ሴት እንጂ ወረቀቱን የፈረመውን ሹም አይደለም። መንግሥት ፈቃድ ይሰጣል፣ ያድሳል፣ ያግዳል፣ ይሰርዛል፤ ጠያቂው ደግሞ ያወጣል፣ ያሳድሳል፣ ሲበቃው ይመልሳል። ስለዚህ «መንግሥት ፈቃድ ማውጣት ጀመረ» የሚለውን ያነበበ ሰው መንግሥት ራሱ ከሌላ አካል ደጅ ጠንቶ ፈቃድ ያወጣ ይመስለዋል። ስሕተቱ የተወለደው ጋዜጣንም፣ አዋጅንም፣ ፈቃድንም በአንድ ግሥ ከሚያወጣ የባዕድ ቋንቋ መሆኑን እገምታለሁ።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ነጥብ ነውና እዚያ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፍቀዱልኝ። «ፈቀደ» በግእዝ ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው፤ «ፈቃድ»ም በመጀመሪያ ትርጉሙ መውደድ፣ መሻት ነው። በአቡነ ዘበሰማያት «ይኩን ፈቃድከ በከመ በሰማይ ከማሁ በምድር» የምንለው ይህንኑ ነው፤ በአማርኛውም «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» እንላለን። በነገራችን ላይ በጸሎቱ «ትሁን» ተብላ በአንስታይ ጾታ የተነገረችው ፈቃድ ቢሮ ስትገባ ተባዕት ሆና «ፈቃዱ ተሰረዘ» ትባላለች፤ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ልጁን «ፈቃዱ» ብሎ የሰየመ አባትም የፈጣሪን መሻት አሰበ እንጂ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አላሰበም። በፈቃዱ ሄደ፣ ፈቃደኛ ነኝ፣ በጎ ፈቃድ የሚሉት አነጋገሮች ሁሉ ከዚህ ከጥንቱ ትርጉም ሳይርቁ የቀሩ ናቸው።

አማርኛ በዚህ ላይ ሌሎች ትርጉሞችን ደራርቦበታል። የበላዩ የወደደውን የበታቹ እንዲያደርገው ስለሚለቅለት «ፈቀደ» እሺ አለ፣ ተወለት ወደ ማለት ዞረ፤ እሺታው በጽሑፍ ሲሰፍር ወረቀቱ ራሱ «ፈቃድ» ተባለ፤ ሠራተኛው ከሥራ እንዲቀር ሲለቀቅም የቀረበት ጊዜ «የዓመት ፈቃድ» ሆነ። እንዲህ አንድ ቃል መሻትን፣ እሺታን፣ መብት የሚሰጥ ሰነድንና ዕረፍትን ይሸከማል። በተራ ንግግር ይህ አያስቸግርም፤ ዐውዱ ይለየዋል። የእርስዎ ጽሑፍ ግን ዐውዱ ራሱ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ አንቀጽ ላይ የሚያጋጭ ከመሆኑ የተነሣ ችግሩ የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1882 የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው የኤሌክትሪክ መብራት ሕግ መሠረት ቦርድ ኦፍ ትሬድ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለከተማ አስተዳደር፣ ለኩባንያ ወይም ለግለሰብ በተወሰነ ክልል ኤሌክትሪክ እንዲያከፋፍል ፈቃድ መስጠት ይችል ነበር፤ ዘመኑም ከ7 ዓመት አይበልጥም፣ ይታደሳል። ነገር ግን ለዚህ ፈቃድ በክልሉ ሥልጣን ያለው የከተማ ወይም የአጥቢያ አስተዳደር መስማማት ነበረበት። እንግዲህ ሁለት ፈቃዶች አሉ ማለት ነው፤ አንደኛው መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው፣ ዘመንና ግዴታ ያለበት ሰነድ ሲሆን ሁለተኛው የከተማው እሺታ ነው። «ፈቃዱም ያለ ከተማው ፈቃድ አይሰጥም ነበር» ሲሉ ሐሳብዎ ትክክል ነበር፤ አንባቢው ግን ከተማውም በበኩሉ ሌላ ሰነድ የሚሰጥ ይመስለዋል፤ ወይም ደግሞ ከተማው ራሱ ፈቃድ ያወጣ መሆን አለበት ብሎ ይረዳዋል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ለመጀመሪያው «ፈቃድ»ን ይተዉለት፤ ለሁለተኛው «ይሁንታ» ይበሉ። «ይሁን» ከሚለው ቃል የተበጀው ይሁንታ ሰነድ አይደለም፤ አይታደስም፣ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ የሚሰጠውም ነገሩን በራሱ ሥልጣን የሚያስፈጽመው ሳይሆን እንቅፋት መሆን የሚችለው ወገን ነው። ከተማው በ1882ቱ ሕግ የነበረው ቦታ በትክክል ይኸው ነበር። «ስምምነት» ማለትም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ስምምነት ሁለት ወገን ተቀምጦ የተፈራረመውን ውል ስለሚያስታውስ ይሁንታን አስቀድማለሁ።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ በዘርፍ አያያዝ ላይም ያስፈልጋል። «የኩባንያው ፈቃድ» የሚለው ሐረግ ኩባንያው የያዘውን ሰነድ ወይም የኩባንያውን እሺታ ሊያመለክት ይችላል፤ «ያለ ኩባንያው ፈቃድ ገመድ ተዘረጋ» ቢሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰነዱን ማለትዎ ከሆነ «ኩባንያው ፈቃድ ሳያወጣ ገመድ ዘረጋ»፣ እሺታውን ማለትዎ ከሆነ «ኩባንያው ሳይፈቅድ ሌላ ሰው ገመድ ዘረጋ» ብለው በግሥ ይፍቱት። አማርኛ ስም ሲያሻማው በግሥ የሚያስታርቅ ቋንቋ ነው፤ ተርጓሚዎቻችን ግን ስም መደርደር እየወደዱ ይህን ሀብት እየተዉት መጥተዋል። ፈቃዱን ለያዘው ወገን በሀገራችን ሕጎች አማርኛ የተለመደው ቃል «ባለፈቃድ» ነውና «የፈቃድ ተቀባይ አካል» የሚሉ ረዣዥም ሐረጎችን አይፍጠሩ።

ስለ «ጊዜያዊ ትእዛዝ» መጠራጠርዎ ተገቢ ነው። በዚያው ሕግ ፈቃድ ያላወጣ ወይም የከተማውን ይሁንታ ያላገኘ አመልካች በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ቦርድ ኦፍ ትሬድ ትእዛዝ ያዘጋጅለትና ትእዛዙ ለፓርላማ ቀርቦ ሲጸድቅ የሕግ ኃይል ያገኛል። በዚህ መንገድ የከተማው ይሁንታ ግድ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1888 በወጣው ማሻሻያ ግን ለትእዛዙም ይሁንታ እንዲጠየቅ፣ መሥሪያ ቤቱም በቂ ምክንያት ሲያገኝ ያለዚያ እንዲያልፈው ተደረገ። እንግዲህ ትእዛዙ «ጊዜያዊ» የተባለው ዕድሜው አጭር ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ከፈቃዱ የሚረዝመው እርሱ ነው። እስኪጸድቅ ድረስ ያልጸና ስለሆነ ነው። የአማርኛ አንባቢ ግን ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ጊዜያዊ መታወቂያ፣ ጊዜያዊ መጠለያ የሚሉትን ስለለመደ በቅርቡ የሚያበቃ ነገር ያስባል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሲጠቅሱት «በፓርላማ ሲጸድቅ የሚጸና ትእዛዝ» ይበሉት፤ ከዚያ በኋላ «ትእዛዙ» ቢሉ ይበቃል።

ቀጥሎ «ለመስመሮች ፈቃድ» የሚለውን እንይ። ፈቃድ ለሰው ወይም ሰው ለሚሠራው ሥራ ነው እንጂ ለቁሳቁስ አይሰጥም። ለመኪናው መንጃ ፈቃድ እንደማይሰጥ ሁሉ ለመስመሩም ፈቃድ አይሰጥም፤ «መስመር ለመዘርጋት ፈቃድ» ወይም «የመስመር ዝርጋታ ፈቃድ» ይባላል። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታሪኩ እምብርት ያለው «መዘርጋት» በሚለው ግሥ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ማንም ሰው በግቢው ውስጥ ሞተር ተክሎ ቤቱን ማብራት ይችል ነበር፤ ሕግ የሚያስፈልገው ገመዱ የሕዝብ መንገድ ሲያቋርጥ፣ ማለትም መንገድ መቆፈር ሲያስፈልግ ነው። ጎዳልሚንግ በተባለችው ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1881 በወንዝ ውኃ መዘውር የሚሠራ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለሕዝብ ሲጀመር መንገድ የመቆፈር መብት ስላልነበረ ገመዱ ከፊሉ በመንገድ ዳር የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። በ1882 መጀመሪያ ላይ በለንደን ኤዲሰን የተከለው ማመንጫም ሆልቦርን ቫያደክት የተባለውን ድልድይ የመረጠው በድልድዩ ሥር ገመድ የሚያልፍበት ባዶ ቦታ ስለነበረና ጎዳናውን መቆፈር ስላላስፈለገው ነው። እኛ ባሕር ዳር አስፋልት ተቆፍሮ ሲከርም ያየን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። ስለዚህ ጽሑፍዎ ፈቃድ ሲል «ምን ለማድረግ ፈቃድ?» ብለው ሁልጊዜ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ «መንገድ ቆፍሮ መስመር ለመዘርጋት» ሆኖ ያገኙታል።

«አካባቢያዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት መስመር» የሚለውም እንዲያርፍ ብመክር ደስ ይለኛል። «አካባቢያዊ» በዛሬው አማርኛ በአብዛኛው የሚያያዘው ከደንና ከአየር ንብረት ጋር ነው፤ እርስዎ ግን ማለት የፈለጉት የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ሰፈር ነው። «አቅርቦት»ም ዘይትና ስኳር ያስታውሰኛል፤ መስመር ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል ወይም ያከፋፍላል። በመጀመሪያው ዘመን ማመንጫው እዚያው ሰፈር ውስጥ ስለነበረ «ማከፋፈያ መስመር» በቂ ነው፤ «ማስተላለፊያ» ከሩቅ ማመንጫ ኃይል ለሚያመጡት ለትላልቆቹ ይቆይ።

ከ«ኤሌክትሪክ» ይልቅ «መብራት» ቢሉ ደግሞ ከሚያስቡት በላይ ለታሪኩ ይቀርባሉ። ሕጉ ራሱ የኤሌክትሪክ መብራት ሕግ ነበር፤ ሰው ኤሌክትሪክን የፈለገው አስቀድሞ ለብርሃን ነውና። በእኛም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የጢስ ዓባይ የመጀመሪያ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር መሥሪያ ቤቱ የሚጠራው «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ተብሎ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሲሆን «መብራት» ከስሙ ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ «ኤሌክትሪክ ኃይል»፣ ሌላው «ኤሌክትሪክ አገልግሎት» ተባለ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይላል፤ በጠራራ ፀሐይ የእህል ወፍጮው ቢቆም እንኳ «መብራት ሄደ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይፈልግም። የጥንቱ ስም በሕዝብ አፍ ከወረቀቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። «የመብራት መስመር» ብለው ቢጽፉ እንግዲህ ተራ ቃል ተጠቀሙ የሚልዎት አይኖርም፤ የሚነሣው ጉዳይ ስለ ፋብሪካ ሞተር ወይም ስለ ትራም ሲሆን ብቻ ወደ «ኤሌክትሪክ» ይመለሱ።

ጽሑፍዎ ስለ ዘመን ገደብ ሲያወራ አንድ ቃል ይጠብቁ። በ1882ቱ ሕግ ትእዛዝ ያገኘ ድርጅት ከ21 ዓመት በኋላ ከተማው ሊገዛው ይችል ነበር፤ ይህ ባለገንዘቦችን ስላስፈራ በ1888 ወደ 42 ዓመት ከፍ አለ። ይህን ያነበበ ተርጓሚ «ኮንሴሲዮን» ለማለት ሊፈተን ይችላል፤ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ለባቡር ሐዲድ የሰጡት የ99 ዓመት መብት በዚህ ስም ይታወቃልና። የእንግሊዙን ግን ሕጉ ራሱ ባለው ስም ፈቃድና ትእዛዝ ይበሉት፤ ኮንሴሲዮንን መንግሥት በውል አሳልፎ ለሚሰጠው ረጅም መብት ያቆዩት።

አጻጻፉን በተመለከተ «ፈቃድ» ይጻፉ፤ ከግእዙ የወረስነው እርሱ ነው። «ፍቃድ» በንግግር የተለመደ፣ በሱቅ ማስታወቂያም የማይታጣ ነው፤ ስለዚህ የጻፈውን ሰው አልኮንንም። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ማደባለቅ ግን አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ዓመቱ። «በ1882» ብለው እ.ኤ.አ. ሳይጨምሩ ትተውታል። የአማርኛ አንባቢ 1882ን ያለ ምልክት ሲያይ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑበትን ዓመት ያስባል፤ የእንግሊዙ ሕግ የወጣው ግን በእኛ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። እኔ ብሆን ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ከእ.ኤ.አ. 1882 ጀምሮ መንግሥት መንገድ ቆፍረው በከተማ የመብራት መስመር ለመዘርጋት ለሚያመለክቱ ወገኖች ከ7 ዓመት የማይበልጥ ፈቃድ መስጠት ቻለ፤ አመልካቹም ፈቃዱን የሚያወጣው የከተማውን ይሁንታ ሲያገኝ ነበር።» «ጀመረ» ያሉትን ወደ «ቻለ» የለወጥሁት ሕጉ በወጣበት ዕለት የተፈጠረው ሥልጣኑ እንጂ ፈቃዱ ስላልሆነ ነው።