ቀን ደህና የሚሠራው ካሜራ ማታ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ካሜራና ስክሪን እየገጠምኩ ነው የምተዳደረው። በቅርቡ አንድ ፔንሲዮን ላይ አራት ካሜራ ገጠምኩ። ሦስቱ ደህና ናቸው። የውጭው በር ላይ ያለው ግን ቀን ይሠራል፣ መሸት ሲል ጠፋ መጣ፣ ጠፋ መጣ እያለ ያነጋል። ካሜራውን ቀየርኩ፣ ያው ነው። አዳፕተሩንም ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። 12 ቮልቱን የላክሁት በኔትወርክ ኬብሉ አንድ ጥንድ ሽቦ ነው፤ ርቀቱ 40 ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ «ያመጣኸው ዕቃ ፎርጅድ ነው» እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካሜራው ላይ አትፍረድ። ቮልቱ መንገድ ላይ እያለቀብህ ነው።

ሲጨልም የካሜራው ኢንፍራሬድ (በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው መብራት) ይበራል። ቀን 0.25 አምፔር የሚበቃው ካሜራ ማታ 0.6 ሊፈልግ ይችላል (የአንተን ትክክለኛ ቁጥር ዕቃው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብብ)። ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት ደግሞ አምፔሩ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አምፔሩን በሽቦው ሬዚስታንስ (ሽቦው ከረንቱን በሚቃወምበት መጠን፣ በኦም) ታባዛለህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርዝመቱ ላይ ነው። ካሜራው 40 ሜትር ቢርቅም ከረንቱ ሄዶ ይመለሳል፣ ስለዚህ 80 ሜትር ብለህ አስላ። የኔትወርክ ኬብል አንዷ ቀጭን ሽቦ፣ ንጹህ መዳብ ከሆነች፣ በሜትር 0.084 ኦም ገደማ አላት። 80 ሜትሩ 6.7 ኦም መጣ ማለት ነው። ቀን 1.7 ቮልት ይጠፋና ካሜራው 10.3 ያገኛል። ማታ 4 ቮልት ይጠፋል፣ የሚደርሰው 8 ብቻ ነው። አብዛኛው ባለ 12 ቮልት ካሜራ ከ10.8 በታች እንዲወርድበት አይፈልግም፤ የአንተ ቀን ቀንም እንደምንም ችሎ ነው የቆየው። ማታ ሲጠፋ ኢንፍራሬዱም አብሮ ይጠፋል፣ ጭነቱ ሲቀልለት ቮልቱ ይመለሳል፣ ካሜራው ተነሥቶ ኢንፍራሬዱን ሲያበራ እንደገና ይወድቃል። ጠፋ መጣ የሚልህ ለዚህ ነው።

ኬብሉ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ሬዚስታንሱ ከንጹህ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገህ እየው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው።

መፍትሔው? እኔ ብሆን ለፓወሩ ብቻ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር መዳብ ሽቦ ለየብቻ እስብ ነበር። 80 ሜትሩ 0.92 ኦም ብቻ ስለሆነ ማታም የሚጠፋው ግማሽ ቮልት አካባቢ ነው። ምስሉ በአንድ ጥንድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ የኔትወርክ ኬብሉን የቀሩትን ሦስት ጥንዶች ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አድርጎ ማሰርም ይረዳል፣ ግን ማታ 10.7 ነው የሚሰጥህ፣ ለጥቂት ይጎድላል። በሩ አጠገብ 220 ካለ አዳፕተሩን ወደዚያ ውሰደው፣ ዝናብ በማይነካው ሳጥን ውስጥ። 220ን ግን በኔትወርክ ኬብል እንዳትልክ፣ አደራ! ለሚቀጥለው ሥራህ በኔትወርክ ኬብሉ 48 ቮልት አካባቢ ከሚልክ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ጋር የሚሠሩ ካሜራዎችን አስብ። ቮልቱ ሲበዛ ለዚያው ዋት አምፔሩ 0.15 ላይ ስለሚወርድ 40 ሜትር ምንም አይደለም።

ምንም ከመግዛትህ በፊት ግን ለካ። ነቅለህ ስትለካ ሁሌም 12 ያሳይሃል፣ ከረንት ከሌለ የሚጠፋ ቮልት የለምና፤ ብዙ ልጆች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ካሜራው እየሠራ፣ ካሜራው ጋ ባለው ጫፍ ላይ ቴስተሩን አድርግ። ባለቤቱን ጥራው። ከዚያ የካሜራውን ፊት በመዳፍህ ሸፍነው፣ ኢንፍራሬዱ ቦግ ሲል ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ ራሱ ይይ።