አዲሱ ኤክስ 1 ለጣርማ በር መንገድ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለሥራ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፣ እናቴ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ስላለች በየጊዜው ወርጄ ጠይቄያት እመጣለሁ። ሁለት መኪና ላይ ልቤ ተንጠልጥሏል። አንዱ አገር ውስጥ የተነዳ፣ አሮጌው ሼፕ ቢ.ኤም.ደብሊው ኤክስ 1፣ ቤንዚን፣ 18አይ የሚባለው ነው። ሌላው አዲሱ ሼፕ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አይ ኤክስ 1። ጓደኞቼ መልኩን ብቻ አይተው «አዲሱን ግዛ» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልኩን ለጓደኞችህ ተውላቸው። ሼፕ ሲቀየር ሰው መጀመሪያ የሚያየው መብራቱንና ግሪሉን ነው፣ አንተን የሚመለከትህ ግን ኮፈኑ ውስጥና ከሆዱ በታች ያለው ነው።

ከሞተሩ እንጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ያየኸው ኤክስ 1 ተርቦ ስላለው እንደዚያ አይጎዳም። ግን 18አይ ማለት ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 1.5 ሊትር ሞተር ነው። እናትህ ሽንኩርቱንና ማንጎውን አስጭና ስትሸኝህ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዋሻ በሚወጣው ጥምዝምዝ ላይ ከአይሱዙ ኋላ ተለጥፈህ ለመቅደም ስትሞክር ያኔ ታውቀዋለህ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ሜዳ ላይ ያለው ጉልበት ጣርማ በር ላይም ያው ነው። ኤክስድራይቭ 30 የሚባለው ፎርዊል አይ ኤክስ 1 ደግሞ 313 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ያን ዳገት ይጫወትበታል።

ባትሪውስ? 64.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነች፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ። ከሁለት ቶን የሚያልፍ መኪና ያን ሁሉ ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ወደ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፣ ከመደበኛው ፍጆታ ውጪ ማለቴ ነው። ከባትሪው አንድ ስድስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ እናትህ ቤት ቡናህን ጠጥተህ ስትነሳ ዳሽቦርዱ የሚነግርህን ቀሪ ኪሎ ሜትር እንዳለ አትመነው። ሒሳቡን የሚሠራው ቁልቁል ስትወርድ የነበረውን ትንሽ ፍጆታ አይቶ ነው። ስትወርድ ማርሹን ቢ ላይ አድርገው፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬንህም አይግልም። እኔ በበኩሌ ለዚህ ብቻ ብዬ ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ።

አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ነው። ፋብሪካው በአንድ ቻርጅ ከ400 በላይ ይሄዳል ይላል፣ አስፋልት ላይ ስትፈጥን ያን አታገኝም፣ በልኩ ከነዳህ ግን ደርሶ መልሱ ይበቃሃል። ዋናው ጣጣ ቤት ነው። ከተራ ሶኬት ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ መብራት ከጠፋማ ተወው። ቻርጀር የሚተክልልህን ሰውና የቆጣሪህን አቅም ሳታረጋግጥ ቀብድ አትስጥ።

የማልወድለትም አለ። ይህ ሼፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ስክሪኑን የምታዝበትን የሚሽከረከር ቁልፍ አስወጥተው አየር ማቀዝቀዣውን ሳይቀር ስክሪን ውስጥ ከተቱት። ጉድጓድ እየዘለልክ ስክሪን መነካካት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? ደግሞ ስኮርታ የለውም፣ የሚሰጡህ የጎማ መጠገኛ ኪትና መንፊያ ነው። ጎማህ ጎኑ ከተቀደደ ኪቱ ዋጋ የለውም። ባለ 18 ኢንች ቸርኬውን ያዝ፣ ባለ 20ው ያምራል እንጂ የጎማው ጎን አጭር ስለሆነ ቸርኬው ቶሎ ይጣመማል።

አንድ ነገር በደንብ ጠይቅ፤ ከአውሮፓ ነው ከቻይና? ለቻይና ገበያ የተሠራው ከፊትና ከኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት 11 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ኋላ መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ግን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱ ቶሎ ይነካል። የቻርጀር መሰኪያውም ይለያል። የምትጠቀምበት ጣቢያ ላይ ወስደህ ሰክተህ ካላየኸው አትግዛ።

ቤንዚኑን ከመረጥክም ጥፋት የለውም። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሻጩ ተፈላጊ መሆኑን ስለሚያውቅ በዋጋ አይለሳለስልህም። ዘይት ማፍሰሱን ጋራዥ አስገብተህ፣ ሊፍት ላይ አሰቅለህ እይ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፍልዎ። ይኸው አዲሱ ኤክስ 1 ፎርዊል ነው ሲሉኝ ለመንዝ የገጠር መንገድ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። ፎርዊሉ ጭቃ ላይ እንዳትንሸራተቺ ይረዳሻል እንጂ ሆዱን ከድንጋይ አያነሳልሽም። ባትሪውም ያለው እዚያው ሆዱ ሥር ነው። ለአስፋልትና ለደህና ኮረኮንች ይበቃል። ክረምት ላይ ወንዝ የምትሻገሪ ከሆነ ረጅም ቁመና ያላት አሮጌ ፒክአፕ ፈልጊ።