የሽንኩርት ዘሬ ለምን አልበቀለም?

መቂ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለሙ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «አምና የሰበሰብኩትን የሽንኩርት ዘር ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሬ ክዳኑን ጥርቅም አደረግሁት። ዘንድሮ ስዘራው ግማሹም አልወጣ። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ብጨምርበት ኖሮ ይተርፍልኝ ነበር?»

ያን ያህል ለፍተው ሲበላሽብዎ ያሳዝናል። ጥፋቱ መክደንዎ አይደለም፤ በደንብ ሳይደርቅ መክደንዎ ነው። ዘር ይተነፍሳል። እርጥበቱን ይዞ ሲታፈን ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ውስጡ ይሞታል። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከአትክልት ዘሮች ቶሎ ከሚያረጁት አንዱ ነው።

ከረጢቷ ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል ይባላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ያቺ ትንሿ ከረጢት አትችለውም። የ1 ኪሎ ዘር እርጥበት ከ12 በመቶ ወደ 7 በመቶ እንዲወርድ 50 ግራም ያህል ውሃ መውጣት አለበት። 2 ግራም የምትመዝን ከረጢት 1 ግራም ውሃ እንኳ አትይዝም። ውጭ የቆየች ከሆነማ ቀድሞውኑ ጠግባለች።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ዘሩን ጨርቅ ላይ ሳሳ አድርገው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ የቀትር ፀሐይ አያግኘው። ከዚያ በስስ ጨርቅ ቋጥረው፣ ከዘሩ ጋር እኩል የሚመዝን ሲሊካ ጄል ካለበት ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይክደኑት። 1 ሳምንት ይበቃዋል። ሰማያዊው ዓይነት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይቀየራል። ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ያህል ካሞቁት እንደገና ይሠራል። ሰማያዊው ቀለም መርዛማ ስለሆነ ልጆች እንዳይደርሱበት።

ጄሉ ካልተገኘ ሩዝ አለ። ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን ይቁሉት፤ ትኩሱን ማሰሮ ውስጥ ከድነው ያቀዝቅዙት። ሜዳ ላይ ከቀዘቀዘ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ድካምዎ ከንቱ ይቀራል። ልኩ የዘሩ እጥፍ ነው። የተነፋ ደረቅ አመድም ያግዛል፤ ጉልበቱ ግን ደከም ያለ ነው። ያልረጠበ ኖራ ግን አያስጠጉ፤ ውሃ ሲነካው ይግላል፣ ያቃጥላል።

ለበቆሎ የሚሆን አንድ ዘዴም ልጨምር። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምረው ያንቀጥቅጡ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ጎተራ አይግባ። ለሽንኩርት ዘር ግን ይህ ፍተሻ አይበቃም፤ ባይጣበቅም ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል።

የተረፈዎትን ዘር ከመጣልዎ በፊት 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉ። ጨርቁ አይድረቅ። በ12ኛው ቀን የበቀለውን ይቁጠሩ። 50 ከሆነ መደቡ ላይ በእጥፍ ይዝሩ። ከዚያ ካነሰ አዲስ ዘር መግዛቱ ይሻላል።