ከኑዛዜው በፊት ውክልናውን ጨርሱ

እህቴ፣ ፈጣሪ ባለቤትሽን ይማርልሽ። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራው ባለቤትሽ ኩላሊቱን ታሞ ከሥራ ሲቀር ደመወዙ ምን ይሆናል? ሕመሙ ቢከብድስ ከአሁኑ ኑዛዜ ይጻፍ ወይ? እኔ እዚሁ ጅማ በግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። አጎቴንም በስትሮክ አስታምሜያለሁ። ከሁለቱም ያየሁትን ልንገርሽ።

ኑዛዜ ቢጻፍ ክፋት የለውም። ግን የሚሠራው ሰው ካረፈ በኋላ ነው። ሰው በሕይወት እያለ መናገርም መፈረምም ሲያቅተው የሚደርስልሽ ውክልና ነው። አጎቴ ሱቁን ሊከፍት ሲል ነው የወደቀው። ቀኝ እጁና አንደበቱ ተያዘ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ውሰዱት አሉ። ባንክ ገንዘብ ነበረው፤ ደብተሩ ግን በስሙ ብቻ ስለሆነ ሚስቱ አንድ ብር ማውጣት አልቻለችም። የባንኩ ሠራተኛ ራሱ እያዘነ «ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሹምለትና ኑ» አለን። ዕድርተኛና ዘመድ አዋጥቶ ነው የወሰድነው። አክስቴ ያን ቀን ደብተሩን በሁለት እጇ እንደያዘች ባንኩ በር ላይ ቆማ ቀረች።

ስለዚህ ባለቤትሽ እየተራመደ፣ እየፈረመ ሳለ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ውክልና ወደሚያረጋግጠው ቢሮ አብራችሁ ሂዱ። በክልላችን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሚቀርብ ቀድመሽ ጠይቂ። ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ቤት መሸጥን ወይም ማስያዝን የመሰለ ነገር ከፈለጋችሁ በግልጽ ይጻፍ። በጣም የምለምንሽ ደግሞ ይሄን ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። «ታምሜ ራሴን ማስተዳደር ባልችልም ውክልናው ይጸናል» የሚል ቃል አስገቡበት። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፤ ወረቀቱ የሚፈለግበት ቀን ላይ ነው የሚደነግጠው።

ስለ ሕክምናውም አሁኑኑ ተነጋገሩ። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 20 መሠረት ሰው ሕክምና አልፈልግም ማለት ይችላል። አንደበቱ ሲዘጋስ? የኩላሊት እጥበት ቢያስፈልግ ይጀመር ወይ፣ እሱን ወክሎ ከሐኪም ጋር ማን ይነጋገር፣ በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርምበት። አንዱን ቅጂ ለሚከታተለው ሐኪም ስጡት። እኛ ቤት የአጎቴን ፍላጎት የሚያውቅ ስላልነበረ ወንድማማቾች ተኳርፈዋል። በሽተኛ አጠገብ እንዲህ ያለ ጠብ በጣም ያሳዝናል።

ኑዛዜውን ራሱ የሚጽፈው ከሆነ ሙሉው በእጁ ይጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑ ይገለጽ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኑር። ሌላ ሰው ከጻፈለት በእሱና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብና መነበቡ እዚያው ላይ ተጽፎ ሁሉም ይፈርሙ።

ወደ ደመወዙ ልምጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። ከሥራ በቀረበት ቀን ማግስት ለድርጅቱ ያሳውቅ። «አሞታል በሉልኝ» ብሎ በጓደኛ መላክ ብቻ አይበቃም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ማህተሙ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ አስገቢና የአንቺ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» አስብለሽ አስፈርሚ።

ጆንያ ሲያነሳ ወገቡን ቢጎዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ሲሆን ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላል። ይሄንን እንደ ተራ ሕመም የሚመዘግብ አሠሪ አይቻለሁ፤ ዝም አትበሉት። ካለ አግባብ ቢያባርሩት ደግሞ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚከስበት ጊዜ 3 ወር ነው፤ በሽምግልና ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

ድርጅቱ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ካለው ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል። የሕመም ፈቃድ የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።